ፓራውልት በዕጣ

የጋሽ ዳልኬን ሞት የሰማሁት ቀብራቸው ካለፈ በኋላ ነው። ስልኬ ሲጠራ ጂንካ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ውስጥ ማስመሪያ ይዤ የአንድ ሮቦት ባምፐር ከጠረጴዛው ምን ያህል ከፍ እንዳለ እየለካሁ ነበር። የደወለልኝ የቀድሞ ባልደረባችን ሳውላ ድረስ ሄዶ ለቅሶ ደርሶ መመለሱን፣ የሰማሁ መስሎት እስከዚያ ሰዓት ሳይደውልልኝ መቅረቱን ነገረኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ተማሪዎቹ ቁጥሩን ለመጻፍ እየጠበቁኝ ስለነበር ነገርኳቸው፤ ወዲያው የነገርኳቸውን ረሳሁና እንደገና ለካሁ።

ሰው ሲሞት የሚሠራ ነገር አለ። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ውኃ ይቀዳል። ቀብሩ ካለፈ ግን እጅ ሥራ ያጣል። ያን ቀን ከሰዓት ከቤተ ሙከራ ወደ መምህራን ክፍል፣ ከመምህራን ክፍል ወደ ግቢው በር ስመላለስ ዋልኩ። የጥበቃ ሠራተኛው የጠፋብኝ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። አይ፣ ምንም አልኩት። መመላለሱ ስላልበቃኝ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት። ነገር ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝና ከባምፐሩ ልጀምር፤ ያለ እሱ ጋሽ ዳልኬን ማስረዳት አልችልም።

ባምፐር ሮቦቱን ዙሪያውን የሚከብ ለስላሳ መቀነት ነው። ጋሽ ዳልኬ እንደ ሹፌሮቹ ፓራውልት ይሉት ነበር። በእኛ የተማሪዎች ውድድር ሁለት ሮቦቶች በኮምፔርሳቶ በታጠረ ትንሽ ሜዳ ላይ ይወርዱና የተበተኑ ኳሶችን ወደየጥጋቸው እየገፉ ይሰበስባሉ። ሁለቱም አንድ ኳስ ሲፈልጉ መጋጨታቸው አይቀርም። መጋጨት አይከለከልም፤ የሚከለከለው መስበር ነው። ስለዚህ ሁለቱም ባምፐር ይለብሳሉ። የሁለቱም ባምፐር በአንድ ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ዝቅ ያለው ከሥር ይገባና ሌላውን ይገለብጠዋል። ነገሩ ይኸው ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ሕግ አድርጎ መጻፉ ግን ጋሽ ዳልኬንና እኔን ከዓመት እስከ ዓመት አጨቃጨቀን።

የፊዚክስ መምህር ነበሩ። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ተብለው ከሳውላ ወደ ጂንካ መጡ፤ እዚያው ቀሩ። አውሮፕላን መሃል ከተማ ሣር ላይ ያርፍ የነበረበትን፣ ከማረፉም በፊት ከብት ይባረር የነበረበትን ጊዜ የትናንት ያህል ያወሩታል። እኔ ኮምፒዩተር ላስተምር ተመድቤ ስመጣ እሳቸው ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር። ስሜ ሕይወት ነው። እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ "ኮምፒዩተሯ" አሉኝ፤ እንደዚያው ሆኜ ቀረሁ።

ወንበር አይስማማቸውም። ስብሰባ ላይ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከኋላው ቆመው፣ ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዙታል። ርዕሰ መምህራችን እንዲቀመጡ ሲለምኗቸው፣ "ከተቀመጥኩ እስማማለሁ፤ ለዚያ ነው የምቆመው" ይላሉ። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ትክክለኛ መልስ ሲሰጥ አያመሰግኑትም። "ጥሩ፤ አሁን ይህንኑ ለሚጠላህ ሰው አስረዳው" ይሉታል። ልጁ እንደገና ይጀምራል፤ ይንተባተባል፤ በሦስተኛው ሙከራ የራሱን መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ይረዳዋል። ይህን ከእሳቸው ልወስድ ሞክሬ አውቃለሁ። እኔ ስለው ተማሪዎቼ ማን እንደጠላቸው ይጠይቁኛል።

የመጀመሪያው ዓመት ውድድር ሕግ ስለ ባምፐር የነበረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማንኛውም ሮቦት ባምፐር ሊኖረው ይገባል ይላል። ከከተማው አንድ የግል ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ይህን አንብበው ከሮቦታቸው ፊት ተዳፋት የሆነ ቆርቆሮ ገጠሙ፤ በቆርቆሮው ላይም ስስ ስፖንጅ ለጠፉ። ባምፐር አለው? አለው። ከሃና ቡድን ጋር ሲገናኙ ቆርቆሮው ከሥር ገባ፤ የሃናው ሮቦት በጀርባው ተንጋሎ ጎማዎቹ አየር ላይ ይሽከረከሩ ጀመር። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሁለተኛው ዙር ያው ሆነ። ዳኛው ጋሽ ዳልኬ ነበሩ። ፊሽካቸውን ነፍተው ድሉን ለቆርቆሮው ሰጡ፤ ሕጉ ሌላ አላላቸውም።

ሃና የሳላማጎ ወረዳ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ጂንካ የሚመጣው ሰው ባሰበ ቀን ሳይሆን መኪና ባገኘ ቀን ነው። የሃናው መምህር፣ ተመስገን የሚባል ጎልማሳ፣ ልጆቹን ሰብስቦ ሲወጣ ጋሽ ዳልኬ በሩ ላይ ደረሱበት። አጠገባቸው ነበርኩ። ተመስገን አልጮኸም። "ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች በጭነት መኪና ላይ አድረው የመጡት ሲገለበጡ ሊሳቅባቸው አይደለም። ከእንግዲህ አንመጣም" አላቸው።

ያን ክረምት ጋሽ ዳልኬ ዕረፍት አልነበራቸውም። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ለተመስገን ይደውላሉ። እሱ ያነሳል፣ በትሕትና ያዳምጣል፣ አንመጣም ይላል። አንድ ቀን ከኳስ ሜዳው ዳር ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው እየተንጎራደዱ ሲናገሩ ሰማኋቸው። "ትሸነፉ ይሆናል፤ እሱን አልከለክልም" አሉት። "ግን የምትሸነፉት በራሳችሁ ማሽን ነው። ቃሌ ነው።" ወዲያ ማዶ ምን እንደተባለ አላውቅም። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ መጡ።

"ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ሕጉ ግን የለኝም። ጻፊ።"

ጻፍኩ። የሌላ አገር ውድድሮችን ሕጎች ከኢንተርኔት ሰብስቤ፣ አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ አበጅቼ፣ የስፖንጁን ዓይነት፣ የጨርቁን ዓይነት፣ የብሎኑን ርዝመት ሳይቀር ደንግጌ አቀረብኩላቸው። ቆመው አነበቡት። ወደ መስኮቱ ሄደው አነበቡት። ተመልሰው መጡ።

"ያምራል" አሉኝ። "አሁን ሌባ እንሁን።"

ዘዴያቸው ይህ ነበር። ሕግ ስትጽፊ መጀመሪያ ሌባ ሁኚ ይሉኛል፤ እያንዳንዱን አንቀጽ ይዘን መሸወጃውን እንፈልጋለን። ባምፐሩ ለስላሳ ይሁን ስል፣ ለስላሳ ጨርቅ ውስጥ ድንጋይ እንደሚከቱ ይነግሩኛል። ማዕዘኖቹ ይሸፈኑ ስል፣ በፕላስተር ሸፍነው ተገላገልን እንደሚሉ ያሳዩኛል። ሌብነቱ ሲያልቅ ደግሞ ራሴን ከሃና እንደመጣ ሰው እንዳስብ ያደርጉኛል። ይህ የጠቀስሽው ስፖንጅ ሃና ይሸጣል? አይሸጥም። እኔ ከጂንካ ይገዙ አልኩ። "ሊገዙ የሚመጡበትን መኪና አንቺ ትነጂላቸዋለሽ?" አሉኝ። ስለዚህ የዕቃውን ስም ከሕጉ አወጣነው። ከምንም ይሠራ፣ ፈተናውን ይለፍ ተባለ።

ፈተናው እንቁላል ነበር። ባምፐሩን ለብሶ የሚንደረደረው ሮቦት ግድግዳ ተደግፎ የቆመ እንቁላል ይገጫል፤ እንቁላሉ ካልተሰበረ ባምፐሩ ለስላሳ ነው። እኔ ሐሳቡን ወድጄው ነበር። ጋሽ ዳልኬ ግን በማግስቱ በአንድ እጃቸው የሐበሻ፣ በሌላው የፈረንጅ እንቁላል ይዘው መጡ። የሐበሻው ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ ሌባ ቢሆኑ እሱን እንደሚያመጡ አስረዱኝ። እንቁላሉ በዳኛ ይቀርባል፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይሆናል የሚል ንዑስ አንቀጽ ጨመርን። ለሙከራ የተሰባበረው እንቁላል ብዛት በግቢው ወሬ ሆኖ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስንት ሰዓት እንደሆነ እየጠየቀ መጥበሻ ያዘጋጅ ጀመር።

አንድ ነገር ግን አልፈታ አለን። እንቁላሉ የሚለየው መጥፎውን ነው። ካለፉት መካከል አንዱ ከሌላው በጣም የተሻለ ቢሆንስ? ቀላልና ጠንካራ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ስፖንጅ ያለው ቡድን፣ ጨርቅ ከሰፋ ቡድን ጋር ሲገፋፋ ያሸንፋል። ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲገዛ ብንጠይቅ የሚገዛ አካል አልተገኘም። ጋሽ ዳልኬ ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ይነጫነጩ ነበር። ለተመስገን የሰጡት ቃል እዚያ ላይ ተሰቅሏል።

መስቀል ደረሰ። በሳውላ አገር ከመስቀል የሚበልጥ በዓል እንደሌለ ጋሽ ዳልኬን የሚያውቅ ሁሉ በግድ ያውቃል። የትምህርት ቤታችን መምህራን ከየአገሩ የመጡ፣ ሃይማኖታቸውም የተለያየ ቢሆንም፣ በየዓመቱ ሰንጋ ገዝተን ቅርጫ እንገባ ነበር፤ መዳቢው ሁሌ እሳቸው ናቸው። የኮባ ቅጠል ተነጥፎ፣ ሥጋው በየመደቡ ሲከመር፣ የስፖርት መምህራችን ከጎን ቆሞ ያኛው መደብ ጉበት በዛበት፣ ይኼኛው አጥንት ነው እያለ ያበሽቃቸዋል። እሳቸው ከዚያ ቆርጠው እዚህ ያደርጋሉ፤ ቀና ብለው ያያሉ፤ እንደገና ያነሳሉ። ሲጨርሱ እያንዳንዳችን አንዳንድ ምልክት ሰጠን፤ ቁልፍ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የጸጉር ማስያዣ። ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ አንድ ሰው ምልክቶቹን ተቀብሎ በየመደቡ ላይ ጣለ። ሁሉም ምልክቱን አይቶ ሥጋውን አነሳ። የስፖርት መምህሩ እንኳ ዝም አለ።

ጋሽ ዳልኬ ቢላዋቸውን እንደያዙ ቀሩ።

"ኮምፒዩተሯ፣ እነዚህ ሁሉ ለምንድን ነው በእኔ እጅ የሚያምኑት?"

ደግ ስለሆኑ ነው አልኳቸው።

"ውሸት። የትኛው መደብ እንደሚደርሰኝ ስለማላውቅ ነው።"

ሐሳባቸው ገባኝ፤ ወዲያውም ጠላሁት። ቡድኖቹ ባምፐር ሠርተው ያመጣሉ፤ የሁሉም ሮቦት አካል ከአንድ ዓይነት ኪት ስለሆነ የአንዱ ባምፐር ለሌላው ይገጥማል። ፈተናውን ያለፉት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ማንም ለራሱ ብቻ ጥሩ መሥራት አይችልም፤ ማንም ለሌላው መጥፎ ለመሥራት አይደፍርም፤ ለራሱ ሊደርሰው ይችላልና። እኔ ባምፐር ሥጋ አይደለም ብዬ ተሟገትኩ። አንድ ተማሪ የራሱን ሥራ እንዲለብስና እንዲያሻሽል ካልፈቀድንለት ምኑን ተማረ? ያልሠራውን ለብሶ ቢሸነፍስ ማንን ይወቅሳል? በዚህ ጥያቄ ላይ ለሳምንታት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የጻፍኩት እሳቸው ስላሸነፉኝ አይደለም፤ የተሻለ ስላጣሁ ነው። ዛሬም ግማሽ ልቤ አልተቀበለውም። ጡረታ ወጥተው ሳውላ ከገቡ በኋላም እየደወሉ፣ ከሰላምታ በፊት፣ ያ ግማሽ ልብሽ እንዴት ነው ይሉኝ ነበር።

ውድድሩ በሚያዝያ ሆነ፤ የበልጉ ዝናብ ጨርሶ ባልለየበት። ያ ዓመት የጋሽ ዳልኬ የመጨረሻ የማስተማር ዓመት ነበር። ከውድድሩ አስቀድሞ የዞኑ ትምህርት መምሪያ ተወካይ ዘንድሮም እንደ አምና በጭቅጭቅ ካለቀ ይህን ውድድር ለማስቀጠል የሚሟገትበት አፍ እንደማይኖረው ነግሯቸው ነበር። ጠዋት ባምፐሮቹን መዘንን፤ ከተወሰነው ክብደት ያለፈ አይገባም። በእንቁላልም ፈተንናቸው። ሁሉም አለፈ። በመጨረሻ እንመጣለን ያለው የሃና ቡድን ግን አልደረሰም። ጋሽ ዳልኬ በአዳራሹና በግቢው በር መካከል ሲመላለሱ ጫማቸው ጭቃ ተሸከመ። ተመስገን ቃሉን አጥፎ ይሆን ብዬ ስጠይቃቸው እንደገና ወደ በሩ ሄዱ።

ሚዛኑን ካነሳን በኋላ አይሱዙው ደረሰ። የማጎ ቁልቁለት ላይ ጭቃ ይዟቸው፣ ዝናብ እላያቸው ላይ ወርዶ፣ ልጆቹ እስከ አጥንታቸው ርሰዋል። ሮቦቱን ማርታ የምትባል ልጅ በጃኬቷ ጠቅልላ በደረቷ አቅፋው ስለነበር ደርቆ መጣ። ባምፐሩ ግን መኪናው ላይ ነበር። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ የተቆረጠ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጨርቅ የተሰፋ፣ ስፌቱ የሚያስቀና ሥራ ነው። ጋሽ ዳልኬ በመዳፋቸው ጫን ሲሉት ውኃው በጣቶቻቸው መካከል ፈሰሰ።

ቢመዘን አይገባም። ባምፐሩ ያልገባለት ቡድን ደግሞ አይጫወትም፤ ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሚዛኑን ላምጣ አልኩ። ጋሽ ዳልኬ ተመስገንን አዩ፤ ተመስገን መሬት መሬት ያያል።

"አልፏል" አሉ፤ አንስተው ከሌሎቹ ጋር ደረደሩት። እኔን አላዩኝም።

ዕጣው ወጣ። የግል ትምህርት ቤቱ ባምፐር፣ ጥቁርና ቀላል፣ ለሃና ደረሰ። የሃናው እርጥብ ባምፐር ለእኛ ደረሰ፤ ለእኔና ለጋሽ ዳልኬ ተማሪዎች። የቡድናችን መሪ ቢኒያም ሲያነሳው ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። "ቲቸር፣ ይኼ ባምፐር ነው ወይስ ያልተጨመቀ ልብስ?" አለኝ። ለሮቦቱ አለበሱት። ሞተሩ አቃሰተ፤ ሮቦቱ እንደ ታመመ ሰው ተንፏቀቀ።

ወደ ጋሽ ዳልኬ ሄጄ በቀስታ፣ ይመዘን አልኳቸው። የግል ትምህርት ቤቱ መምህርም ተከትሎኝ መጣ፤ ዕጣው ይቅርና ሁሉም የራሱን ይልበስ አለ። ከአዳራሹ አይሆንም የሚልም ይሁን የሚልም ተነሳ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ዕጣው ከቀረ እርጥቡ ባምፐር ወደ ሃና ይመለሳል፤ ሲመዘን አያልፍምና ሃና ሳትጫወት ወደ አይሱዙዋ ትመለሳለች። ዕጣው ከጸና የእኛ ልጆች ሳይጫወቱ ተሸንፈዋል። የዞኑ ተወካይ እጆቹን አጣምሮ ጋሽ ዳልኬን ያያል። ተመስገን የልጆቹን ቦርሳ መሰብሰብ ጀምሯል።

ጋሽ ዳልኬ በጠረጴዛው ርዝመት ሄዱ፤ ተመለሱ። ከዚያ ፊሽካቸውን ነፉ።

"ይህን ባምፐር ሳልመዝን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ" አሉ። "የሃና ልጆች ጥፋት የለባቸውም። የጂንካ ልጆችም የለባቸውም።"

"ታዲያ ዳኛው ይልበሱት" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፤ አዳራሹ ሳቀ።

"ቢገጥመኝ እለብሰው ነበር" አሉ። እሳቸው አልሳቁም። "እስቲ ቅርጫ የምታውቁ ንገሩኝ። ዕጣ ከወጣ በኋላ አንዱ መደብ ላይ የተበላሸ ሥጋ ቢገኝ ምን ይደረጋል?"

መምህራኑ ተያዩ። የመለሰው ተመስገን ነው፤ ቦርሳውን እንደያዘ።

"ከየመደቡ ይነሳለታል።"

"ከየመደቡ ይነሳ" አሉ ጋሽ ዳልኬ።

ሕጉ ውስጥ እንዲህ የሚል የለም አልኳቸው። "ስለሌለ ነዋ፤ ጻፊው" አሉኝ። ጻፍኩት። እያንዳንዱ ቡድን ከለበሰው ባምፐር ከኋላ በኩል አንድ ጋት ቆርጦ ይሰጣል፤ የሁሉም እኩል ይጎድላል፤ ከተሰበሰበው ለእኛ አዲስ ይሰፋል። የግል ትምህርት ቤቱ መምህር ገና አፉን ሲከፍት መቀሱ መዞር ጀምሮ ነበር። ተራው ሃና ጋ ሲደርስ ማርታ መቀሱን ተቀብላ ቆመች። የምትቆርጠው ያን ጥቁሩን፣ የሰው አገር የመሰለውን ስፖንጅ ነው። የሠሩት ልጆች ፊት ለፊቷ ቆመዋል። እሷ እነሱን ታያለች፤ እነሱ መቀሱን ያያሉ። በመጨረሻ ከመካከላቸው አንዷ ልጅ፣ ትንሽ ተቆጥታ፣ "ቁረጪው እንጂ፤ ዕጣሽ ነው" አለቻት። ማርታ ቆረጠች። መምህሩ አፉን ዘጋ።

የእኛ ሮቦት ጥቁር፣ ቢጫ፣ አበባ የታተመበት የፍራሽ ጨርቅ፣ የተረፈ ሸራ ለበሰ። ልጆቹ ድሪቶ አሉት። ድሪቶ ብዙ ገፋ፤ በመጨረሻው ዙር ተሸነፈ። ቢኒያም ዛሬም ባትሪውን ይረግማል።

የዚያን ቀን ብዙ ግጥሚያ ነበር፤ ከዓይኔ ያልጠፋው ግን አንዱ ነው። ሃናና የግል ትምህርት ቤቱ እንደገና ተገናኙ። አዳራሹ የአምናውን ያስታውሳል። ጋሽ ዳልኬ ፊሽካውን ከነፉ በኋላ ከአፋቸው አላወጡትም። ሮቦቶቹ አንድ ኳስ ላይ ደረሱ፤ ባምፐር ከባምፐር ገጠመ፤ ተገፋፉ። ማንም አልተገለበጠም። እንደገና ተጋጩ። ሃና ገፋች፤ ኳሱን ወሰደች፤ ሌላም ወሰደች። ተመስገን ከመቀመጫው ተነሳ። ከዚያ ማንም ሳይነካው የሃናው ሮቦት ግራ ጎማ ወለቀና ብቻውን እየተንከባለለ ሄዶ ጥግ ላይ ተኛ። ሮቦቱ ባለበት ይዞር ጀመር። የቀሩት ኳሶች አንድ በአንድ ወደ ማዶ ሄዱ።

ሃና ተሸነፈች።

ጋሽ ዳልኬ ወደ እነሱ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ዳኛ ከግጥሚያ በኋላ ቅሬታ መኖሩን መጠየቅ አለበት፤ ይህም በሕጉ አለ። እንደዚያ ዓይነት ፊት አይቼባቸው አላውቅም። ዱላ ሊቀበል የተዘጋጀ ሰው ይመስሉ ነበር። ማርታ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የወደቀውን ብሎን ትፈልጋለች።

"ቅሬታ አላችሁ?" አሉ።

ማርታ ቀና አላለችም። "የለም፣ ቲቸር። ባምፐር አይደለም። ጎማ ነው።" ብሎኑን አገኘችው፤ በጣቷ እያዞረች አየችው። "ብሎኑን ያሰርኩ እኔ ነኝ። ጥሩ አላሰርኩም።" ከዚያ እጇን ዘረጋች። "ካቻቢቴ አለ?"

ጋሽ ዳልኬ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ የላቸውም። ከድሪቶ የመሣሪያ ሣጥን አምጥቼ ሰጠኋት። ውጭ የአይሱዙው ሹፌር ዝናብ ሳይመለስ እንውጣ እያለ ጥሩምባ ይነፋል። ማርታ አልሰማችውም። ጎማውን በጉልበቷ መካከል ይዛ ብሎኑን እያጠበቀች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር፣ "ከርሞ ባምፐሩን በላስቲክ እንጠቀልላለን። እንደዚህ አይረጥብም" አለች።

ጋሽ ዳልኬ ወደ ተመስገን ዞሩ።

"እኔ ምን ልበል፣ ጋሼ" አለ ተመስገን፤ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። "ልጅቷ ወስናለች።"

ሹፌሩ እንደገና ጥሩምባውን ነፋ። ጋሽ ዳልኬ ክንዴን ያዙኝ።

"ሰማሽ?" አሉኝ በቀስታ። "ከርሞ አለች።"